ክራርሽን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት

የኔ እናት፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽንም ጉንፋኑ ለቋታል። ከሐዋሳ በሰው የላክሽው ፍላሽ ላይ ያሉትን ሦስቱንም ፊልሞች አየኋቸው። «አባዬ እንዴት አገኘሃቸው?» ብለሽ ስትደውዪ ልብስ እየለካሁ ነበር፣ ለዚያ ነው «ጥሩ ናቸው» ብቻ ብዬ የዘጋሁት። አሁን ሱቁን ዘግቻለሁ፣ ፒያሳም ጸጥ ብሏል፣ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ።

የአቶም ቦምብ የሠራውን ሰውዬ ታሪክ የሚያሳየው «ኦፔንሃይመር» 3 ሰዓት ነው! 7 ኦስካር ወስዷል፣ እሺ ይውሰድ፣ እኔን ግን ሰዉ በዛብኝ። አንዱን ሳልለይ ሌላው ይመጣል፣ ሁሉም ሙሉ ልብሱን ለብሶ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሙዚቃውም ንግግሩን ይውጠዋል። አንድ ቦታ ብቻ ትንፋሼን ያዝኩ። ቦምቡ በረሃ ላይ ሲሞከር መጀመሪያ የሚመጣው ብርሃኑ ነው። ድምፅ የለም። የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ፍንዳታው ከቆየ በኋላ ነው ደርሶ የሚያናውጥሽ። መብረቅም እንደዚያ ነው፣ ቀድሞ ያበራል፣ ከዚያ ይጮኻል። ያቺን ዝምታ ወድጃታለሁ። ከቀረው ላይ አንድ ሰዓት ቢቀነስ ምንም አይጎድልበትም።

«ኢንሳይድ አውት 2»ን የልጅ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ ናት «እንየው» ብላ ያስቀመጠችኝ። የ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ጭንቀት የምትባል ብርቱካናማ ፍጡር ትገባና፣ ነገ ሊደርስባት የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ ሠራተኛ አሰልፋ በሥዕል ታሠራለች። እሷን ሳይ ዝም አልኩ። ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ መኪና ገጭቷት ይሆን፣ አሟት ይሆን፣ ዘርፈዋት ይሆን እያልኩ አነጋለሁ። ጭንቀት እኮ ክፋት የላትም። ልጅቷን ልትጠብቅ ብላ ነው የምትሮጠው።

ዋናው ግን «ሲነርስ» ነው። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። እንግሊዝኛቸው ከብዶኝ ነበር፣ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ስለሆኑ ቃሉን አፋቸው ውስጥ ይጨርሱታል፣ ግን ብዙውን በዓይን ትረጂዋለሽ። ጊዜው 1932 ነው፣ ቦታው ሚሲሲፒ። ማይክል ቢ. ጆርዳን መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ብቻውን ይሠራል። መንታዎቹ ገና ሲገቡ አንደኛው ለሌላው ሲጋራ ያቀብለዋል፣ እጅ ከእጅ፣ እና አንድ ሰው መሆኑን ረሳሁት። ደግሞ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መጀመሪያ የማየው ልብሱን ነው። አንዱ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጓል፣ ሌላው ቀይ ባርኔጣ። ሰማያዊው ቁጥብ ነው፣ ቀዩ ጨዋታ አዋቂና ዘናጭ። ልብሱን የሠራችው ሩት ካርተር ናት፣ የ«ብላክ ፓንተር»ንም የሠራችው እሷ ናት። እጇ ይባረክ! ማን እንደሚናገር ለማወቅ ፊቱን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም።

ፊልሙ ላይ ደም መጣጮች (ቫምፓየሮች) አሉ፣ ካልተጋበዙ ቤት አይገቡም። በር ላይ ቆመው በትሕትና «አስገቡን» ይላሉ። እኛ ቤት በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳናውቅ «ግቡ!» ነው የምንለው፣ ስለዚህ ያ ትዕይንት ከሌላው ሁሉ በላይ አስፈራኝ።

ከዚያ ያ የጭፈራው ሌሊት። ሳሚ የሚባለው ልጅ ጊታሩን ይዞ ሲዘፍን ያለፈውም የሚመጣውም አንድ ላይ ይገባል። የአፍሪካ ከበሮ መቺዎች አሉ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ አለ፣ ዲጄ አለ፣ ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ይጨፍራል፣ ጣሪያው ይነዳል። ማሲንቆ የያዘ አንድ አዝማሪ ቢጨመርበት ቦታ አያጣም ነበር።

የሳሚ አባት ሰባኪ ነው። ጊታሩን ጣለው ይለዋል። ልጁ የሚጫወተው ብሉዝ የሚባለው ሙዚቃ የሰይጣን ነው ብሎ ያምናል። እኛም አገር እኮ ፊልም ራሱ ሲመጣ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ የሚታይበትን ቤት ሰዉ «ሰይጣን ቤት» ብሎታል። አያትሽም በገና ለእግዚአብሔር፣ ክራር ለሰይጣን ነው ይሉኝ ነበር። እኔ እንኳ እንደሳቸው አላምንም። ግን 10ኛ ክፍል ሆነሽ ክራርሽን ቀምቼ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ማትሪክ ይለፍ ብዬ ነበር። ማትሪኩ አለፈ፣ ዩኒቨርሲቲውም አለፈ፣ ሥራም ያዝሽ፣ ክራሩ እዚያው ቀረ። አንድ ቀን እንኳ «አባዬ ስጠኝ» አላልሽኝም። የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ያ ሰባኪ ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጁን ይወዳል፣ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ይቅር በይኝ።

ትናንት ማታ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አቧራ ውጦታል፣ ቆዳው ግን አልተቀደደም። በሱፍ ጨርቅ ወለወልኩት። ከስድስቱ ክር ሁለቱ ተበጥሰዋል፣ አንዱ መቃኛ ደግሞ ላልቷል። መቃኛውን እኔ አስተካክለዋለሁ። ምን ዓይነት ክር እንደሚገባለት ጻፊልኝና ቅዳሜ ወጥቼ ልግዛ፣ ለፋሲካ ስትመጪ ዝግጁ ይሁን።

አባትሽ