የኢንች ቁልፎቹን እንዳትሸጣቸው

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እማዬ የግፊት መድኃኒትህን አንድ ቀን እየዋጥክ አንድ ቀን እንደምትዘል ነግራኛለች። በሱ ጉዳይ በስልክ እንጨቃጨቃለን። የዛሬው ደብዳቤ ስለ ሌላ ነው።

ለመስቀል አዳማ የመጣሁ ጊዜ የተከራከርንበት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ደመራው ተለኩሶ ቤት ገብተን ቡና ተፈልቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ የኢትዮጵያና የኬንያ የጦር አዛዦች በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የመከላከያ ትብብር ስምምነት መፈረማቸውን ሲያወራ፣ ሪሞቱን አንስተህ ድርግም አደረግከው። "ወረቀት!" አልክ። "ስንት ወረቀት ሲቀደድ አይቻለሁ።" ጎረቤት ስለነበር ዝም አልኩ። እማዬም ገላመጠችኝ። ደግሞ አንተ ፊት ስከራከር ድምፄ ይቀጥናል። ስጽፍ ይሻለኛል።

በቅድሚያ ልክ የሆንክበትን ልናገር።

ልጅ ሆኜ ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን አረንጓዴ የጥይት ሳጥን ስከፍት የቁልፎቹ ቁጥር ግራ ይገባኝ ነበር። ከላይ 13፣ 14፣ 17 የሚሉ አሉ። ከሥር ደግሞ በክፍልፋይ የተጻፉ፦ ግማሽ፣ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ፣ ሦስት አራተኛ። "የታቹ ለአሜሪካ ታንክ፣ የላዩ ለሩሲያ" አልከኝ። አንዱ ብሎኑን በኢንች ይሠራል፣ ሌላው በሚሊሜትር። ያኔ የገባኝ ቁልፍ ብቻ ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ውል እኛ መሣሪያና ሥልጠና አገኘን፣ እነሱ አሥመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የሬዲዮ መጥለፊያ ጣቢያ አገኙ። ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን ያ ጣቢያ ትልቅ ጆሯቸው ነበር። ሳተላይቱ ሲመጣ የጣቢያው ዋጋ ወረደ። የኛም ዋጋ አብሮ ወረደ። የካቲት 1969 ላይ የካርተር መንግሥት ሰብዓዊ መብት ብሎ ወታደራዊ እርዳታውን ቀነሰ። ምክንያቱ ፈጠራ አልነበረም አባዬ፤ በዚያ ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ስንት ለቅሶ እንደተከለከለ እማዬ ትነግርሃለች። ሚያዝያ ላይ ደርግ ቃኘውን አዘጋ፤ ሐምሌ ላይ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ገባ። ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ ሳይቀር አሜሪካ ቀርቶ፣ አንተ ሁለት ኤም 41 ታንክ እየፈታህ አንዱን ስታስነሳ ከረምክ።

ከዚያ ሩሲያ መጣች። ከሶማሊያ ጋር በ1966 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል የፈረመችው ያቺው ሩሲያ! ዚያድ ባሬ ውሉን ቀዶ አማካሪዎቿን ያባረረው ኅዳር 1970 ነው። የካቲት 26 ጅጅጋ ነፃ ከወጣች በኋላ የሆነውን ስንት ጊዜ አጫውተኸናል። ከተማረከ የሶማሊያ ቲ 55 ላይ ብሎን ፈትተህ የኛው ቲ 55 ላይ አሰርከው። ልክክ አለ። ቁልፍ እንኳ አልቀየርክም። ይህን ስታወራ ትስቃለህ፣ እኛ ግን አብረንህ መሳቅ ይከብደን ነበር።

ኅዳር 1971 ሞስኮ ላይ የ20 ዓመት ውል ተፈረመ። 20 ዓመቱ ሳይሞላ ሩሲያዎቹ ሰለቹ፣ ደርግም ወደቀ፣ አንተም ሳጥኗን ይዘህ አዳማ ገባህ። ስለዚህ ወረቀት ብትል አልፈርድብህም።

ግን አንዱን ወረቀት ዘለልከው።

ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነፃ በወጣች ሰሞን ከጃንሆይ መንግሥት ጋር የመከላከያ ውል አሰረች። ምክንያቱ ቀላል ነበር። የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ሶማሌዎች የሚኖሩበትን አንድ ምድር ይወክላል። አንዱ ጫፍ ኦጋዴን ነው፣ አንዱ ደግሞ የኬንያ ሰሜናዊ ድንበር ግዛት። ሁለቱን አገሮች ያስፈራቸው አንድ ኮከብ ነው። ማንም ለማንም ታንክ አልሰጠም፣ ማንም የማንንም መሬት አልተከራየም። ውሉ ዕድሜ ያገኘው በዚህ ይመስለኛል። አንዱ ሲሰለቸው የሚነቅለው ዕቃ አልነበረም።

ከዚያ ጃንሆይ ወረዱ። እኛ ሶሻሊስት ሆንን፣ ናይሮቢ የምዕራቡ ወዳጅ እንደሆነች ቀረች። በዚያ ዘመን ይህ ብቻ ለጠብ ይበቃ ነበር። ግን ጥር 1971 ላይ መንግሥቱና የኬንያው ፕሬዝዳንት ሞይ የወዳጅነትና የትብብር ውል ፈረሙ። ኢሕአዴግም ገባ፣ ኢሕአዴግም ከሰመ፤ ያ ወረቀት አልተቀደደም። አሁን የተፈረመው የሱ ልጅ ነው በለው።

"አንድ ወታደር አልላኩልንም" እንደምትል አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ካራማራ ላይ ኬንያዊ አልተዋጋም። ነገር ግን የካቲት 1970፣ አንተ እዚያ ሳለህ፣ ለሶማሊያ የመድፍ ጥይት የጫነ የግብፅ አውሮፕላን በኬንያ ሰማይ ሲያቋርጥ የኬንያ ተዋጊ ጄቶች አስገድደው ናይሮቢ አሳረፉት። ኬንያ ከግብፅ ጋር ተቀያየመችበት። ያ ጥይት ቢደርስ ማን ላይ እንደሚወርድ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሌላም አለ። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የደቡብ ድንበር አለን። ያን ክረምት ከኦጋዴን ግንባር ጦር ነቅሎ ወደ ሞያሌ መላክ ቢያስፈልግ ኖሮ ምን ይውጣችሁ ነበር? ጸጥታ ታሪክ አይሆንም፣ ስለዚህ ማንም አያወራውም።

ዛሬስ ይጠቅማል ወይ ካልከኝ፣ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የሞቃዲሾ መንግሥት ዛሬ ታንክ አሰልፎ አይመጣብንም፤ የድሮው ፍርሃት ሞቷል። በፍርሃት የተጋቡ ፍርሃቱ ሲያልፍ ይፋታሉ የሚል ሰው አለ። ግን አልሸባብ መጋቢት 2007 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 148 ሰው ገደለ። ሐምሌ 2014 ደግሞ የኛን ሶማሌ ክልል ድንበር ጥሶ ገባ። ይህንን ሁለት አገር ተለያይቶ አይችለውም፤ አንዱ ሲያባርረው ወደ ሌላው ይሻገራል።

እኔ ደግሞ ነገሩን የማየው በሥራዬ በኩል ነው። ትራንዚተር መሆኔን እስከ ዛሬ "የወረቀት ሥራ" ትለዋለህ፣ ይሁን። በወር አንዴ በዲላና በያቤሎ አድርጌ ሞያሌ እወርዳለሁ። ኅዳር 2013 የጋራ የድንበር ኬላው ተከፍቷል። እኛ ጋ መኪና በቀኝ ይሄዳል፣ እነሱ ጋ በግራ። ስለዚህ ተሳቢው ሁሉ ኬላው ላይ መንገዱን ይቀይራል፤ አዲስ ሹፌር ሲሆን ላቡን እየጠረገ ነው። በሁለቱም ወገን ያለው ሰው ቦረንኛ ያወራል። የኬንያዋ ሞያሌ መብራት ለዓመታት የመጣው ከኛ ነው። ባለፈው የሆነውን ልንገርህ፤ መብራት ጠፋና ከኬንያ በኩል አንዱ ጠባቂ ወታደር ስልኩን ይዞ ወደኛው ወታደር ተንጠራርቶ "እናንተ ጋም ጠፋ?" አለው። የኛው ሳቀና "አብረን ነን" አለው። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ትልቁ መስመርም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል እየሸጠ ነው። ያንን ሁሉ ምሰሶ በወታደር ብዛት መጠበቅ አይቻልም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው እያልኩህ አይደለም። በኦሞ በኩል የኛ ዳሰነችና የኬንያ ቱርካና በግጦሽና በዓሣ ይገዳደላሉ፣ ውሉ እነሱን አላስታረቀም። የኔ ትልቁ ሥጋት ግን ሌላ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ስለ ፀጥታ ሲስማማ ጥይት ሸሽቶ የተሻገረ ስደተኛም አብሮ እንዳይጠረዝ እፈራለሁ። የተፈረመው ነገር ለሕዝብ በሙሉ ቃሉ ቢነበብ ደስ ይለኛል። ወረቀት ነው ካልን ወረቀቱን እንየው።

ያም ሆኖ ከኬንያ ጋር ያለው ውል ይቆይ ባይ ነኝ። አንተ የከዱህን ሁለቱን ትቆጥራለህ። ሁለቱም ሩቅ ነበሩ፣ ሁለቱም ዕቃ ሰጪ ነበሩ፣ እኛም ለሁለቱም ጣቢያ ወይም መቆሚያ ነበርን። ይሄኛው ድሃ እንደኛው ነው፣ የሚሄድበትም የለው። ደግሞ ለ60 ዓመት ብዙ አላስወጣንም። ካልተስማማህ ጻፍልኝ፤ በስልክ "እሺ ልጄ" ብለህ አትዝጋብኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከኬንያ ወገን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ፣ አሮጌ ላንድሮቨር ይጠግናል። የላንድሮቨሩ ብሎን በኢንች ነው፣ ቁልፍ ግን ገበያ ላይ የሚያገኘው በሚሊሜትር ብቻ። ልኩ ያልሆነ ቁልፍ እያስገባ ዳዶውን ሁሉ ላጠው። አባቴ ጋ አለ ብዬ አፌ አመለጠኝ። ግማሹንና ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛውን ዝገታቸውን በናፍጣ አጥበህ በሐዋሳ ሚኒባስ ላክልኝ፤ ለሹፌሩ ስልኬን ስጠው፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ሌሎቹን ለቁራሌው እንዳትሰጥ።

እማዬን ሳምልኝ። መድኃኒቱን ዋጥ።

ልጅህ