መልኩ ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አቦርጂኖች (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ጥበብና ስለ ከተማ ሕንፃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር።

ሜልበርን፣ ስዋንስተን ጎዳና ላይ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ያለቀ ባለ 32 ፎቅ አፓርታማ አለ። በረንዳዎቹ አንድ ላይ ሲታዩ የዊሊያም ባራክን ፊት ይሠራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ጉድ ያሰኛል። ጠጋ ሲሉ ግን ያው በረንዳ ነው።

ባራክ ዉሩንድጄሪ የተባለው የአቦርጂን ሕዝብ መሪና ሠዓሊ ነበሩ። ባህላዊ ጭፈራዎችን በከሰልና በቀለም አፈር ሥለዋል። ሕዝባቸው የሚኖርበት የኮራንደርክ መሬት እንዳይወሰድ ሲሟገቱ ኖረዋል። አቤት ለማለት እስከ ሜልበርን በእግራቸው መጥተዋል። ስለ መሬት እንዲህ የታገሉ ሰው መልካቸው ለሽያጭ የቀረበ አፓርታማ ማስዋቢያ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከነክነኛል። (ሕንፃው አስቀያሚ ነው አላልኩም።)

ሲድኒ፣ ሬድፈርን ውስጥ ደግሞ የአቦርጂኖች የራሳቸው የቤቶች ድርጅት አለ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በያዘው ቦታ ላይ ለወገኖቹ ቤት ሠርቷል። እዚያ ሥዕል ቢሣል ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ነዋሪው ባለታሪኩ ነውና።

አርክቴክቶች ሽማግሌዎችን የሚያማክሩት ፕላኑ ካለቀ በኋላ፣ ለግድግዳ ሥዕል ብቻ ከሆነ ረፍዷል። ከመጀመሪያው ይጥሯቸው፤ ለሠዓሊዎቹም በደንብ ይክፈሉ። ስለ ሬድፈርን ሰፋ አድርጋችሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ