አንድ ሜትር ተኩል አፈር ይተውልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ 48 ነው፤ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የደም ግፊቴን የለኩ ሐኪም ወይ ኪኒን ወይ እንቅስቃሴ ብለው ካስመረጡኝ ጊዜ ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። የስፖርት ዓምዳችሁ ስለ ታላላቅ አትሌቶቻችን በሰፊው የሚጽፍ በመሆኑ እንደ አንባቢ አመሰግናለሁ። እኔ የማነሳው ግን ማንም ሰዓት ይዞ የማይለካን፣ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ሰርቀን የምንሮጥ የከተማ ነዋሪዎች ስለምንረግጠው መሬት ነው።

ባለፈው የሐምሌ መጨረሻ ሳምንት፣ ፍልሰታ ሳትገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላጠራቅም ብዬ በወጣሁባቸው ቀናት ሁሉ፣ የረገጥኩትን መሬት ዓይነት በማስታወሻ ደብተር መዘገብኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ሌላ ምን ያደርጋል? ድምሩ 49 ኪሎ ሜትር መጣ፤ ከዚህ ውስጥ አፈር ላይ የሮጥኩት 17ቱን ብቻ ሲሆን የቀረው 32 ኪሎ ሜትር አስፋልትና የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ነበር። ከ17ቱም ቢሆን አሥሩ የተገኘው ከሰፈሬ ርቄ እንጦጦ ላይ ነው።

ሰኞ ዕረፍት ነበር። ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቀበና ተነስቼ በአራት ኪሎ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ወረድኩ። በዚህ መስመር የተሠራውን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማመስገን ይገባል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሰዓት የምንሮጠው በአስፋልቱ ዳር፣ የሚኒባሱ ስፖኪዮ ትከሻችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነበር፤ አሁን ግን መብራት አለ፣ ስፋት አለ፣ ክፍት ጉድጓድም ዘሎ ማለፍ ቀርቷል። ሆኖም ንጣፉ ዝናብ ሲነካው እንደ መስታወት ያዳልጣል። አንድ ሕንፃ በር ላይ፣ ዝናቡ አልበቃ ብሎ በሳሙና ጭምር በታጠበ ንጣፍ ላይ እግሬ ከድቶኝ በጎኔ ወደቅሁ። የሕንፃው ጥበቃ ሮጦ መጥቶ "አይዞዎት ጋሼ፣ እኔንም ሲያንሸራትተኝ ነው የሚውለው" እያለ አነሳኝ። ከክርኔ መላጥ በቀር ጉዳት አልደረሰብኝም፤ ነገር ግን የቀረውን መንገድ እንደ አሮጊት እየተንቀራፈፍኩ ነው የጨረስኩት።

መስቀል አደባባይ ስደርስ እርከኖቹ በሰው ተሞልተው ነበር። ከ2013 ዓ.ም. እድሳት በፊት እዚያ የሮጠ ሰው በበጋ ይነሳ የነበረውን አቧራ አይረሳውም። ዛሬ አቧራው የለም፤ ቦታው ጽዱ ሆኗል፤ ጉልበት ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከእርከን እርከን እየተመላለስኩ ሳለ የሙያዬ ጠባይ አላስቀምጥ ስላለኝ ስሌት ውስጥ ገባሁ። ሰው ሲሮጥ እያንዳንዱ እግር መሬት ባረፈ ቁጥር የሚሸከመው ጫና የሰውነቱን ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ እኔ 74 ኪሎ እመዝናለሁ፤ በአንድ ሰዓት ሶምሶማ ደግሞ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ጊዜ መሬት እረግጣለሁ። ቁጥሩን አባዝቼ ራሴን አላስፈራራም፤ ምክንያቱም ጠንካራ መሬት ብቻውን ጉልበት ያበላሻል ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። ሰውነታችን ብልህ ነው፤ መሬቱ ሲጠነክር እግር ራሱን ያለሰልሳል፣ መሬቱ ሲለሰልስ ደግሞ ራሱን ያጠነክራል። ችግሩ ያለው መሬቱ አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን ነው። ልሙጥ ንጣፍ ላይ አሥር ሺሁም እርምጃ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጫናው ሁልጊዜ በዚያው ጅማትና በዚያው መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል፤ አፈር ላይ ግን አንዱ እርምጃ ከሌላው ስለሚለይ ሥራው ለቁርጭምጭሚቱም፣ ለባቱም፣ ለዳሌውም ይከፋፈላል።

ረቡዕ በዚያው ዓይነት መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ ከዝናቡ በቀር የሚነገር ነገር የለውም።

ሐሙስ ጃን ሜዳ ነበርኩ። ስለ ጃን ሜዳ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ቢሆንም፣ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ በስሙ የሚጠራው የአገር አቋራጭ ውድድር የተካሄደበት ይህ ሜዳ በመሐል ከተማ ለሯጭ ከቀሩት ሰፋፊ የአፈር መሬቶች አንዱ መሆኑን ማስታወስ እፈልጋለሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት አትክልት ተራ ወደዚያ በተዛወረ ጊዜ ሜዳው በጭነት መኪና ጎማና በበሰበሰ ጎመን ምን እንደሆነ ያየን ሰዎች፣ ገበያው ከተነሳ በኋላ ሣሩ ቀስ እያለ ሲመለስ በማየታችን አፈር ቻይ መሆኑን ተምረናል። የተረገጠ አፈር ጊዜ ከተሰጠው ያገግማል፤ ኮንክሪት የፈሰሰበት ግን ተመልሶ አይገኝም።

በዚያው ዕለት አምስት ኪሎ ሜትሬን ስዞር ከአንድ የወጣት አትሌቶች ቡድን ጋር ገጠምኩ። ገጠምኩ ስል ለሁለት ደቂቃ ያህል ማለቴ ነው። እነሱ ሲያፍታቱ እኔ ሙሉ ኃይሌን አውጥቼ እሮጥ ነበር። ልምምዳቸውን ሲጨርሱ ጫማውን በጅማት የሰፋ አንድ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሳምንታቸው እንዴት እንደሚከፋፈል አጫወተኝ፤ አንድ ቀን አስፋልት፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን ዳገት፣ የቀረው ጫካና ሜዳ። የኔን ሳምንት ስነግረው በትሕትና ዝም አለና ቆይቶ "ጋሼ፣ አስፋልት እኮ ለእኛም በሳምንት አንዴ ነው የሚሰጠን" አለኝ። ይህን አባባል ወደ ቢሮ ስሄድም አሰላሰልኩት። በሩጫ እንጀራውን ሊበላ የተነሳ የሃያ ዓመት ወጣት፣ አሠልጣኙ እንደ ቅመም መጥኖ የሚሰጠውን ጠንካራ መሬት፣ የአርባና የሃምሳ ዓመት ወፍራም ጎረቤቶቼና እኔ በየቀኑ እንድንረግጠው ከተማችን አዘጋጅታልናለች።

ዓርብ ጾምም ዕረፍትም ስለነበር አልወጣሁም።

ቅዳሜ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ቦታ ነውና ትንፋሽ ያጥራል፤ ነገር ግን የባሕር ዛፉ ቅጠል የተኛበት፣ ዝናብ ያራሰው፣ ሥር የተጋደመበት ቀይ አፈር እግርን እንዴት እንደሚቀበል ያልቀመሰ ሰው አይገባውም። አትሌቶቹ አንዱ የአንዱን ተረከዝ እያየ፣ በነጠላ ሰልፍ፣ በዛፎቹ መሐል እንደ እባብ ይጥመለመላሉ። ዳገቱ ላይ ከወገብ በላይ የሚሰፋ የእንጨት ሸክም ያዘሉ እናቶች ሲወርዱ ሁላችንም ወደ ዳር ወጥተን አሳለፍን። አንደኛዋ እናት ላቤን አይተው "ማን አባሮህ ነው ልጄ?" አሉኝ። ልመልስላቸው የምችለው ነገር አልነበረም፤ ባዶ እጄን ዳገት ስወጣ እሳቸው ያንን ሁሉ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዱ ነበርና አፈርኩ።

እንጦጦ ይህን ያህል ከተመቸ ለምን እዚያ አትሮጥም የሚል አንባቢ ይኖራል። በሥራ ቀን እንጦጦ ደርሶ፣ ሮጦ፣ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ መፈረም የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሴቶችን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ነርስ የሆነች አንዲት ጎረቤቴ ለሁለት ዓመት ያህል ከእኔ በማይተናነስ ትጋት ትሮጣለች፤ ጎሕ ሳይቀድ ብቻዋን ጫካ ውስጥ እንድትገባ ግን እሷም አትደፍርም፣ ቤተሰቧም አይፈቅድም። ለእሷ የሚሆናት መብራት ያለበት፣ ጥበቃዎች የሚያዩት፣ ሰው የሚመላለስበት ዋና መንገድ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው መብራቱ ካለበት ዘንድ አፈሩም እንዲኖር ነው እንጂ ከተማው ጫካ ይሁን ማለት አይደለም።

ጥያቄዬን በግልጽ ላስቀምጥ። የእግረኛ መንገድ፣ የወንዝ ዳርቻና የመናፈሻ ሥራ በሚሠራባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ከንጣፉ ጎን፣ በተለይ ዛፎቹ በሚተከሉበት መስመር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ያልተነጠፈ ሰቅ ይተው። ጭቃና አቧራ ይሆናል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። በተለይ በምሥራቅና በደቡብ የከተማዋ ክፍል ያለው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ሲነፋ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ስለሚከርም ብቻውን ለሩጫ አይሆንም። ለዚህ ግን ግንበኞቻችን መድኃኒቱን ያውቁታል፤ በሥራ ቦታ ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ደልድሎ፣ በመጠቅጠቂያ ወይም በሮለር ጠቅጥቆ፣ በላዩ ላይ ደቃቅ አፈር መበተን ነው። ጠጠሩ ውሃ ስለማይዝ ሰቁ ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል፤ ከንጣፉ የሚወርደውንም ጎርፍ ይጠጣል፤ ለዛፎቹም ሥር መተንፈሻ ይሆናል። ዋጋውን በሚመለከት፣ ሙያዬ ነውና፣ መሬቱን ደልድሎ፣ አሸዋ አልብሶ፣ የተቆረጠ ድንጋይ ከመደርደር የሚበልጥበት መንገድ አይታየኝም።

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው አስተያየታችን ይመስለኛል። በቋንቋችን "አስፋልት ገባ" ማለት ሰፈሩ አለፈለት ማለት ነው፤ አፈር የቀረበት ቦታ ሲታይ ደግሞ ሥራው ያላለቀ ወይም በጀቱ የተበላ ይመስላል። ልጅ ሆኜ ጭቃ እያቦካሁ ትምህርት ቤት ስለሄድኩ ይህን ስሜት አልንቀውም። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. በአሥር ሺህ ሰው የተጀመረው ታላቁ ሩጫ፣ ሩጫ የአትሌት ብቻ ሳይሆን የጸሐፊዋም፣ የሹፌሩም፣ የተማሪውም መሆኑን ካሳየ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከነሐሴ ጀምሮ፣ ለኅዳሩ ውድድር ለመድረስ፣ በየመንገዱ የምናየው አዲስ ሯጭ በዐይን የሚታይ ነው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ መስከረም ሳይጠባ ቅልጥማቸውን ይዘው ሲያነክሱ አያለሁ። ኪሎ ሜትር ቶሎ መጨመርም፣ ያረጀ ጫማም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ መሬቱን ግን እነሱ ሊለውጡት አይችሉም።

እሑድ ረጅሙ ሩጫዬ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ አሥራ ሁለቱ በንጣፍና በአስፋልት ላይ ነበር። የቀረችውን ሁለት ኪሎ ሜትር ያገኘሁት በሰፈራችን፣ በቀበና ወንዝ አጠገብ ካለች፣ ርዝመቷ አራት መቶ ሜትር ገደማ ከምትሆን፣ በአሮጌ ዛፎች ጥላ ሥር ካለች የአፈር መንገድ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ጊዜ ሮጥኩባት። ጎረቤቴ ነርሷ ከሌሊት ተረኛነት መልስ እዚያው ስትራመድ አገኘኋት፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ከቅዳሴ ወጥተው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ይሄዱባት ነበር። በመንገዷ ጫፍ ላይ የንጣፍ ድንጋይ ተቆልሏል።

ሥራውን የያዘውን ክፍል ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ሠራተኞቹ የታዘዙትን ይሠራሉ፤ ንጣፉም ለጋሪና ለዊልቸር የግድ ያስፈልጋል፤ ይነጠፍ። ስፋቱን በእርምጃዬ ስለካው ግን ወደ አምስት ሜትር ይጠጋል፤ ሦስት ሜትር ተኩሉ ተነጥፎ የቀረው አንድ ሜትር ተኩል በዛፎቹ ሥር እንዳለ ቢተው የሚጎድል ነገር የለም። አፈር ስሆን፣ ይህችን ያህል እንኳ ይተዉልን። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ባለፍኩባት ጊዜ ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሮባት ነበር፤ ንጣፉ ግን ገና አልተጀመረም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀበና ነዋሪ
አዲስ አበባ