ስለ እማማ የጎን ውጋት

እህት ዓለሜ፣

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ መቆየቴን ይቅር በይኝ። የእማማን ነገር ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሐኪሙ «ከሳንባቸው ጥቂቱ ሞቷል» ማለቱ እንዳስደነገጠሽ ገብቶኛል።

ነገሩ የተነሳው ከባታቸው ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙ ቀን ተኝተው ሲቆዩ እግራቸው ውስጥ ባለው ጥልቅ ደም መላሽ ሥር ደም ረጋ። የረጋው ተቆርሶ ሽቅብ ወጣ፤ ቀኝ ልባቸው ወደ ሳንባ ገፋው፤ ሥሩ እየጠበበ ሲሄድ ማለፍ አቅቶት ተወተፈ።

ሳንባ ደም ስለተቋረጠበት ብቻ እንደ አንጎል ቶሎ አይሞትም። ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ የሚነሱ ሌሎች ቀጫጭን ሥሮችም ይመግቡታል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከሚተነፍሰው አየር ያገኛል። ሥጋው የሚሞተው ይበልጡን ዳር ላይ ያለ፣ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሥር ሲዘጋ ነው። ያኔ ከአኦርታ የመጣው ደም በከፍተኛ ግፊት ወደ ተጎዱት ጥቃቅን ሥሮች ይገባል፤ እነሱ ስለማይችሉት ወደ አየር ከረጢቶቹ ይፈስሳል። አክታቸው ላይ ያየሽው ደም ይኸው ነው፤ እኛ አገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ቢሆንም። በሲቲ ስካን የሚታየው ሽብልቅ ይመስላል፤ ሰፊው ወገኑ የሳንባውን ሽፋን ይነካል፣ ሹሉ ወደ ውስጥ ያመለክታል።

ሳንባ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው ደረትን ከውስጥ የለበሰው ሽፋን ስለሆነ በረጅሙ ሲተነፍሱ ይወጋቸዋል። እባክሽ አደጋውን በውጋቱ አትለኪ። ዋናውን የሳንባ ደም ሥር የዘጋ ትልቅ የረጋ ደም ያለ አንዳች ውጋት ቀኝ ልብን አድክሞ ሊገድል ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ደም እንዳይረጋ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ የረጋውን አያሟሟም፤ እንዳያድግ ይይዘዋል፣ የሚያሟሟው ሰውነታቸው ነው። ስለዚህ ተሽሏቸዋል ብለሽ ከ3 ወር በፊት እንዳታቋርጪ። አይኤንአሩ (ደማቸው ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው የደም ምርመራ) በ2 እና በ3 መካከል ይሁን። ጎመን አትከልክያቸው፣ ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ጾም ሲገባ ጎመን ከበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ሲፈታ ድንገት ከቀረ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ለውጋቱ ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጪ፤ ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራን ያደማሉ። ሰገራቸው ከጠቆረ ሳታድሪ አሳያቸው።

የሞተው ቦታ በሳምንታት ውስጥ እንደ በረዶ ከዳር እየሟሟ ያንሳል፤ ቀጭን ጠባሳ ይቀር ይሆናል። የሚቀጥለውን የአይኤንአር ውጤት ከነቀኑ ላኪልኝ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።