ማኅደራችን በሕይወት ሳለን ይከፈትልን

ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር
አዲስ አበባ

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ማኅደር ማውጣትና መመለስ፣ ገጽ መቁጠር፣ የተቀደደ መለጠፍ እንጀራዬ ነው። ይህን የምለው አሠራሩን የማታውቅ ሴት በንዴት ጻፈች እንዳትሉኝ ነው። ንዴቱ ግን አለ።

ወንድሜ በሐምሌ 2016 አረፈ። የ54 ዓመት ሰው ነበር፤ ከ1988 ጀምሮ 28 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት አገልግሏል። ዐርባው እንዳለፈ ከሚስቱ ጋር ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ሌላ ቦታም ብንሄድ ያው ነበር ብዬ ስለማምን ነው። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ማኅደሩን አውጥታ ገለጠችው። ከሁሉ በታች ወንድሜ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ አለ። ጽሑፉ የራሱ ነው፤ ያ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል፣ አስተማሪዎቹ የሚቆጡበት የእጅ ጽሑፍ። የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ፊት ለፊት «ያላገባ» ይላል። ልጆች በሚለው ላይ አንድ ሰረዝ ተሰምሯል።

ባለሙያዋ ቅጹን አየች፣ የወንድሜን ሚስት አየች፣ «እናቴ፣ እዚህ ላይ እኮ ሚስት የለውም» አለቻት።

በ1996 ተጋብተዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። በሠርጉ የዚያ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው በልተዋል፣ ለቀብሩም አውቶቡስ የሰጠው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። ማኅደሩ ግን በ1988 እንደቆመ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባለጉዳይ ሁሉ ያውቀዋል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የሚስትነትና የልጅነት ውሳኔ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሲቀርብ ደግሞ አዲስ ነገር ተገኘ፦ የአባታችን ስም በቅጹ ላይ በሐመሩ «ሐ»፣ በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሃሌታው «ሀ» ተጽፏል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ማስረጃ አምጡ ተባልን። ለ28 ዓመት በየወሩ ከደመወዙ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥ፣ መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ ሲያስገባ፣ ስሙ በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ የጠየቀ አልነበረም።

ሕጉን አልከስም። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014ን አንብቤዋለሁ፤ በሥራዬ ምክንያትም ለጎረቤቶቼም ሳስረዳው ኖሬያለሁ። አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ቢሞት ቤተሰቡ ባዶ እጁን አይቀርም። ሰው በሥራው ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ቢያቅተው ደግሞ የአገልግሎት ዘመኑ ማጠር መብቱን አያስቀረውም። ይህ ደግ ሐሳብ ነው። የወንድሜን ሒሳብም ተቀምጬ ሠርቼዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ነበር። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 18 ዓመታት በየዓመቱ 1.25 በመቶ ሲጨመር 52.5 በመቶ ይመጣል፤ ይኸውም 4,200 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለሚስት 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 20 በመቶ፣ በእሱ ድጋፍ ትተዳደር ለነበረችው ለእናታችን 15 በመቶ። ሲደመር 105 በመቶ ሆነ። ተተኪዎች፣ ማለትም የሟቹ ጡረታ የሚተላለፍላቸው ቤተሰቦች፣ በጠቅላላ ከ100 በመቶ በላይ ስለማያገኙ ከእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ተሸራርፎ ለሚስቱ 2,000፣ ለልጆቹ 800፣ 800፣ ለእናታችን 600 ብር ደረሰ። በዛሬ ገበያ ምን እንደሚገዛ እናንተም ገበያ ትወጣላችሁና አልነግራችሁም።

እኔ የማዝነው በመጠኑ አይደለም። በአሥራ አንዱ ወር ነው።

ውሳኔው የመጣው በሰኔ 2017 ነው። ትልቋ ልጅ ግን በሚያዝያ 18 ዓመት ሞልቷታል። ዘጠኝ ወር ተተኪ ነበረች፤ በዘጠኙም ወር አንድ ሳንቲም አላየችም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆና፣ አባቷ በሞተበት ዓመት፣ ደብተሯንና ታክሲዋን የሸፈንኩት እኔ አክስቷ ነኝ፤ ያውም ከዕቁቤ። በመጨረሻ 7,200 ብር ውዝፍ ተሰጣት። ብሩን ይዛ ወደ ቤት መጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና «እትዬ፣ ይህ የምን ነው?» አለችኝ። የአባትሽ ነው አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ይህን አሥራ አንድ ወር እናንተ አላጠፋችሁትም። የተሟላ ሰነድ እጃችሁ ሲገባ ሥራው ብዙ አልቆየም። ጊዜው የጠፋው ሰነዱ ወደ እናንተ ከመድረሱ በፊት፣ ማኅደሩ በተኛበት መደርደሪያ ላይ ነው። ታዲያ ለምን ለእናንተ ጻፍሽ ቢባል፣ መሥሪያ ቤቶችን «የሠራተኞቻችሁን መረጃ አድሱ» ብሎ በዓመት አንድ ጊዜ ሊያስጨንቅ የሚችል ሌላ ማንንም ስለማላውቅ ነው። ንብረት በየዓመቱ ይቆጠራል፤ ወንበርና ጠረጴዛ በጀርባቸው ቁጥር ተጽፎባቸው በኮሚቴ ይቆጠራሉ። የወንበሩን ያህል የሠራተኛው ሚስት ትቆጠር።

የምጠይቀው ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንድ ቀን የራሱን ማኅደር ይየው። ያገባ ጋብቻውን፣ የወለደ ልጁን፣ የተፋታ ፍቺውን በራሱ እጅ ይመዝግብ፤ ማስረጃውን ያያይዝ፤ ይፈርም። የዚያ ቅጂ ወደ እናንተ ይላክ። በስም አጻጻፍ ላይ ልዩነት ካለ፣ ባለ ስሙ ቆሞ «እኔ ነኝ» ማለት በሚችልበት ጊዜ ይስተካከል። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ይህን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃው ነበር። ለሚስቱ አራት ቢሮና ሁለት ችሎት ሆነባት። ደግሞ እሷ አዲስ አበባ ናት፣ ማንበብና መጻፍ ትችላለች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዘመድ አላት። በወረዳ ጤና ጣቢያ ይሠራ የነበረ ባሏ የሞተባት ሴት እንዴት እንደምትሆን አስቡት።

ባለፈው ሳምንት የራሴን ማኅደር አወጣሁ። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ መደርደሪያውም ከወንበሬ ሦስት እርምጃ አይርቅም። የባለቤት ስም በሚለው ላይ ምንም አልተጻፈም። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ በሚለው ላይ የአባቴ ስም አለ፤ እሱ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ ካገባሁ 19 ዓመቴ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ