ሁሉንም ነገር «ፈተና ነው» አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ጎንደር ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ጎረቤት አንብቦ ከጨረሰው በኋላ። ስለ ወጣት አገልጋዮችና በጎ ፈቃደኞች ሲጻፍ ደስ ይለኛል። ግን ሁሌ የሚጻፈው የተሳካው ነው። ይህን ያህል ልብስ ታደለ፣ ይህን ያህል አረጋውያን ተጎበኙ፣ አለቀ። ያልተሳካው የት ይሄዳል? እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለተበላሸ አንድ የአገልግሎት ሳምንት ነው። የደብሩንም፣ የማኅበሩንም፣ የልጁንም ስም አልጠራም። የሚመለከታቸው ራሳቸውን ያውቃሉ።

እኛ ሰፈር ካለው ደብር ጀርባ የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች አሉ። ጎንደር የአቋቋም፣ በከበሮና በጸናጽል የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ አገር ነው። በዓታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር፣ ማለትም ተማሪው ተፈትኖ የሚመሰከርባት ደብር፣ ስለሆነች ከየአቅጣጫው ተማሪ ወደዚህ ይጎርፋል፤ ሌሎቹም ደብሮች የየራሳቸው ጉባኤ አላቸው። ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ የሚጠኑት ናቸው። ጎጇቸው ጠባብ ናት፣ አራት አምስት ሆነው ተጠጋግተው ነው የሚያድሩት፣ ለምዱንም ዳባውንም ይዋዋሳሉ፣ እና እከክ አንዴ ከገባ ሁሉንም ሳያዳርስ አይወጣም። የዘንድሮውም እንደዚያ ሆነ። ሌሊት ቀለም የሚያጠኑበትን ሰዓት ሲያክኩ ያነጉት ጀመር።

ይህን ያየ አንድ የወጣቶች ማኅበር የአንድ ሳምንት ሐዋርያዊ አገልግሎት አዘጋጀና አንድ ወጣት ዲያቆን አስተባባሪ አድርጎ ላከ። ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ልጅ ነው። መርሐ ግብሩ በኮምፒውተር ተጽፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሰኞ ስብከት፣ ማክሰኞ ሕክምናና ንጽሕና፣ ረቡዕ አረጋውያንን መጠየቅ፣ እያለ ይቀጥላል። የሰኞው ስብከት ጥሩ ነበር፣ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ችግሩ ማክሰኞ መጣ።

ማክሰኞ ሳሙና በካርቶን መጣ። ኦሞ መጣ። ባነር መጣ። ውሃ አልመጣም።

ጎንደር የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል ወይም ይናደዳል። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል ከተጎዳ ቆይቷል፣ የመገጭ ግድብ ደግሞ ለዓመታት ሲጓተት የኖረ ነገር ነው፣ ስለዚህ ማንም ሰው ቡና ሊያፈላ እንኳ ሲያስብ መጀመሪያ ጀሪካኑን ነው የሚያየው። የእኛ ሰፈር ፈረቃ እሑድ ሌሊት ነበር። እኛ እንቅልፍ አጥተን ስንቀዳ አደርን። የማኅበሩ ልጆች ግን ባዶ በርሜል ሳይሞሉ ሰኞን ሰብከው ማክሰኞ ቧንቧ ከፈቱ። ቧንቧው ነፋስ ተፋ።

እንግዲህ የእከክ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ እንዳስረዳችን፣ በሽታው የሚመጣው በዓይን በቅጡ ከማትታይ ተባይ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ቦይ ሠርታ እንቁላል ትጥላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከኩ እስኪጀምረው ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል፣ ስለዚህ አብሮ የሚያድር ሁሉ፣ የሚያክከውም የማያክከውም፣ በአንድ ቀን መቀባት አለበት። ያን ቀን ደግሞ ልብሱና መኝታው በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት። የማይታጠበው፣ እንደ ለምድ ያለው፣ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ለቀናት ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ተባይዋ ከሰው ገላ ከተለየች ከሁለት ሦስት ቀን በላይ እምብዛም አትቆይም። ተቀብተህ ያንኑ ልብስ ከለበስክ ግን ልፋትህ ውሃ በላው።

ልጆቹ የሆኑት ይኸው ነው። ረፋድ ላይ ከአንገት በታች ሁለንተናቸውን ቅባት ተቀቡ፣ ልብሳቸው መሬት ላይ ተቆለለ፣ ጋቢና አሮጌ አንሶላ ተከናንበው ግድግዳ ጥግ ተደርድረው ውሃ ጠበቁ። ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ሲመታቸው አንድ ባንድ እየተነሱ ከክምሩ ውስጥ ቁምጣቸውን ፈለጉ። አንዱ ትንሽ ልጅ የራሱን አጥቶ የጓደኛውን ሸሚዝ ሲለብስ አየሁት። በቃ፣ የማክሰኞ ሥራ እዚያ ላይ ሞተ።

ይባስ ብሎ ምሳ ከማኅበሩ ይመጣል ስለተባሉ የዚያን ቀን ለቅፈፋ፣ ለዕለት ጉርስ ልመናው፣ አልወጡም። ዳቦው የደረሰው ከመሸ በኋላ ነው፣ ለሁሉም አልበቃም። የሰፈሩ ሴቶች ከየመሶባችን እንጀራ አሰባስበን ወሰድን። ለነገሩ ይህን ያደረግነው ለማስወራት አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ሲበላሽ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል ልብ በሉ። የከፈሉት ሳይበሉ የዋሉት ልጆች ናቸው።

እና ምን ተባለ መሰላችሁ? ከኮሚቴው አንድ ትልቅ ሰው ልጁን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ዲያቆን፣ ፈተና ነው፤ መልካም ሥራ ያለ ፈተና አይሆንም» አሉት። ማታ ቴሌግራም ላይ ፎቶው ወጣ። ሳሙናው አለ፣ ባነሩ አለ፣ ቅባት የተቀቡ እጆች አሉ። ከሥሩ «ከብዙ ፈተና ጋር በድል ተጠናቋል» ይላል። ልጄ ስልኳን አምጥታ ስታሳየኝ ደሜ ፈላ።

እኔ ፈተና የለም አልልም። ሃይማኖት ያለው ሰው ይህን አይልም። ግን እሑድ ሌሊት የሚመጣን ውሃ አለመቅዳት የሰይጣን ሥራ አይደለም። ሰይጣንም እኮ ያልሠራው ሲለጠፍበት ይገርመዋል። ጌታ ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ወጪውን ያስላ ብሏል፣ ይህ ደግሞ በግንብ ከተማ ለሚኖር ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

የልጁን ነገር የምወድለት እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ከኪዳን ስወጣ የኔታ ደጅ ቆሞ አየሁት። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፣ አልዋሽም። «የኔታ፣ ውሃ ስለጠፋ አይደለም። እኔ ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት። ልጆቹም በእኔ ምክንያት ሳይበሉ ዋሉ» አላቸው። የኔታ ብዙ አላስተዛዘኑትም። «እኔን ብትጠይቀኝ እሑድ ሌሊት ነው እልህ ነበር። በል አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አሉት።

እሱም አደረገ። የረቡዕን መርሐ ግብር ሰርዞ፣ ሊጠየቁ የነበሩት አረጋውያን በከንቱ እንዳይጠብቁ እየዞረ ነገራቸው። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ልብሷን አጥባ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ ከጠዋት ጀምራ በሩን የምታይ አሮጊት ያለባት ሰፈር ውስጥ ትንሽ አይደለችም። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው ልጅ ሄደ። እሷም ቅባቱ እንዲሁ በላይ በላዩ እንደማይደጋገም፣ ቀን ተቆጥሮ እንደገና እንደሚቀባ፣ ማሳከኩም ከዳኑ በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ልጆቹ «አልሠራም» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ ነገረችው። ይህን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። ለኔታም አነበበላቸው።

ቴሌግራም ላይም ጻፈ። አጭር ነው፣ ልብሱ አልታጠበም፣ አገልግሎቱ አልተጠናቀቀም፣ የውሃውን ነገር አስቀድሜ ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ይላል። ለዚህ ከማኅበሩ ሰዎች ቁጣ ደረሰበት፣ «አሰደብከን» ተባለ አሉ። ማን ሰደባቸው? እኛ ሰፈር ውስጥ እውነቱን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር፣ የማያውቁት ቴሌግራም ላይ «አሜን» የሚሉት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ዙር ላይ የአገልግሎት ሳምንቱ አልፎ ነበር። ልጁ ግን ተመለሰ። «እትዬ፣ በርሜልዎን ያውሱኝ» ብሎ መጣ። የእኛ ፈረቃ ለዚያ ቀን ስለማይደርስ ውሃ ከሌላ ሰፈር ገዝቶ በባጃጅ አስጫነ። ጎንደር ውስጥ ውሃ ሲጠፋ አንድ ጀሪካን ስንት እንደሚገባ ለጎንደሬ አልነግረውም። ከተማሪዎቹ ጋር እንጨት ሰብስቦ ውሃውን አፈላ፣ ለምዱን በላስቲክ ቋጥሮ በየስሙ ምልክት አደረገበት፣ ምሳውን ከቅባቱ በፊት አበላ። ባነር አልነበረም።

አንዳንድ ሰው «በነጻ የሚያገለግልን ልጅ እንዲህ መገምገም ነውር ነው፣ ነገ ማን ይመጣል?» ይለኛል። ጎረቤቴም ይህንኑ አለችኝ። ነጻ ለማን ነው? ለተማሪው ነጻ አይደለም፣ ቀለሙን አቋርጧል፣ ቅፈፋውን ትቷል፣ ገላውን ለሰው ዓይን ሰጥቷል። አገልጋዩ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እነሱ እዚያው ናቸው።

ሌላም አለ። ይህች ከተማ ሳይጠይቅ የሚመጣን ሰባኪ ከመቆርቆሯም በፊት ታውቀዋለች። የካቶሊክ ሰባኪ የነበረው ኢየሱሳዊው ጴድሮ ጳኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ሲመጣ ቋንቋ ተማረ፣ ግዕዙንም አማርኛውንም፣ ሰውን አዳመጠ፣ ሃይማኖቱን ባንቀበለውም ትዕግሥቱን ታሪክ መዝግቦለታል። ከእሱ ሞት በኋላ በ1625 የመጣው የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተዘጋጀ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ በዓላቱ ይለወጡ አለ። አገሩ በደም ታጠበ፣ ካቶሊክነትን ተቀብለው የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ፋሲልም ጥቂት ዓመት ቆይተው ጎንደርን ቆረቆሩ። የእኛን ልጆች ከሜንዴዝ ጋር አላነጻጽርም፣ ሎቱ ስብሐት። ግን ባለቤቱን ሳይጠይቁ በሰው ቤት መርሐ ግብር መለጠፍ መዘዙ የቆየ መሆኑን ቢያስታውሱ ምን ይላቸዋል?

ደግሞ ሁሉንም በልጁ ላይ ለመጫን አይደለም። እሱ የራሱን ድርሻ አንስቷል፣ የቀረው የኮሚቴው ነው። ያ መርሐ ግብር ሲታተም ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከመካከላቸው ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ የማያውቅ ጎንደሬ ነበረ? ማንም ያላነሳው ማንም ኃላፊ ስላልነበረ ነው። ሳሙና የሚገዛ ተመድቧል፣ ፎቶ የሚያነሳ ተመድቧል፣ ውሃ የሚቀዳ አልተመደበም። ወጣቱን ደግሞ ሲያጠፋ «ፈተና ነው» እያሉ ማባበል ፍቅር አይደለም፣ ነገ ትልቅ ኃላፊነት ሲይዝ ያው ቃል አፉ ላይ ይጠብቀዋል። አንዳንዶቻችን ያደግነው እንደዚያ ስለሆነ አሁን ቢሮ ሄዶ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል አሜን ብሎ ይመለሳል።

ለእናንተም ለጋዜጠኞቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከአሁን በኋላ ስለ በጎ አድራጎት ስትዘግቡ አስተባባሪውን ብቻ አታናግሩ። ተቀባዩንም ጠይቁ፣ የኔታን ጠይቁ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ልጆቹ ያክካሉ ወይ በሉ። ምን እንደተበላሸና ማን እንዳስተካከለው ብትጽፉ ጋዜጣችሁ አይቀልም።

በመጨረሻ ኮሚቴው ይህን ካነበበ፣ ልጁ ከኪሱ ያወጣው የውሃና የባጃጅ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰለትም። ደረሰኝ የለውም ተብሏል አሉ። በባጃጅ የመጣ ውሃ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ምስክር ከተፈለገ እኔ አለሁ፣ ጀሪካኖቹን ሲያወርድ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር፣ የባጃጁም ሾፌር የሰፈራችን ልጅ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር