ከክረምት ዝናብና ከበረኪና መካከል የቆሙ የነሐስ ሐውልቶች፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአደባባይ የቆሙ የነሐስ ሐውልቶች ከዝገት የሚጠበቁበት ዓመታዊ የእንክብካቤ ሥርዓት እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

በአዲስ አበባ አደባባዮች የቆሙት የነሐስ ሥራዎች የአገሪቱን መከራ አብረው የቀመሱ ናቸው። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የፋሺስት ጦር ከተማዋን ከያዘ በኋላ ከቦታው ተነቅሎ ተቀበረ፤ ከነፃነት በኋላ ከመሬት ወጥቶ በቦታው ቆመ። በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የሚገኘው የይሁዳ አንበሳ ተጭኖ ሮም ድረስ ተወሰደ፤ ዘርዓይ ድረስ ስሙን በታሪክ ያስጻፈውም አንበሳው በዚያ በስደት በነበረበት ጊዜ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ በየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ዙሪያ የተለበጡት የነሐስ ቅርጾች ደግሞ፣ ዩጎዝላቪያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺች እና ፍራኖ ክርሺኒች የ1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋን ማንበብ ለማይችል ሰው ጭምር በምስል እንዲናገር አድርገው የሠሩት ነው። ይህን ሁሉ ያለፉ ሥራዎች ዛሬ በሰላሙ ጊዜ በዝናብ፣ በተሽከርካሪ ጭስና ባልተጠና ጽዳት ቀስ በቀስ እንዲበሉ መተው የለብንም ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ አብረው ቀልጠው የሚሰጡት ቅይጥ ነው። ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የነበረው ብሩህነት ብዙም ሳይቆይ ይደበዝዝና ላዩ ቡናማ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህ ሽፋን መዳቡ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ሲሆን ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የውስጡን ብረት ይጠብቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከናፍጣና ከሌላ ነዳጅ ጭስ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ አሲድ ሲሆንና ያንን ሽፋን ወደ አረንጓዴ ውሁድ ሲለውጠው ነው። ብዙ ሰው አረንጓዴውን መልክ የዕድሜ ክብር አድርጎ ይመለከተዋል፤ በመላው አካል ላይ ወጥ ሆኖ የተረጋጋ ከሆነ ይህ አስተያየት ስሕተት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ሐውልት ላይ ዝናብ የሚያገኘው ትከሻና ጀርባ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ዝናብ የማያገኘው የብብትና የልብስ እጥፋት ሥር ደግሞ ጥቁር ሆኖ በመካከላቸው የውኃ መንገድ የመሰለ መስመር ከታየ፣ ያ ብረት እየታጠበ እየሄደ ነው። በየክረምቱ ታጥቦ የሚወርደው መዳብ የት እንደሚደርስ ለማየት ከሐውልቱ በታች ያለውን ድንጋይ መመልከት ይበቃል፤ ድንጋዩን ያቀለመው አረንጓዴ ጅረት ቀድሞ የሐውልቱ አካል የነበረ ነው። በአንድ ዓመት የሚጠፋው ውፍረት በዓይን የሚታይ አይደለም። የሚያሳዝነው ጉዳቱ በእኩል አለመከፋፈሉ ነው፤ ዝገቱ ነጥብ እየመረጠ ስለሚቦረቡር ከሁሉ አስቀድመው የሚደበዝዙት ቀራፂው አብዝቶ የደከመባቸው የፊት መስመሮች፣ ጣቶች፣ የልጓም ጌጦችና የተቀረጹ ፊደላት ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጠላት ክሎሪን ያለበት ጨው ነው። ይህ ጨው በነሐስ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲገባ ከመዳቡ ጋር ውሁድ ይፈጥራል፤ ውሁዱ እርጥበትና አየር ባገኘ ቁጥር አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላና ያንኑ ውሁድ መልሶ ይወልዳል። ባለሙያዎች የነሐስ በሽታ የሚሉት ይህን ነው፤ ምልክቱም በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ብሩህ አረንጓዴ ዱቄት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር የራቀችና በደጋ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የባሕር ዳር ከተሞች ሐውልቶች ከሚደርስባቸው የጨው ነፋስ ተርፋለች። ይህን የተፈጥሮ ስጦታ ግን በገዛ እጃችን ልናጠፋው እንችላለን። በየቤታችን ለጽዳት የምንጠቀምበት በረኪና የክሎሪን ውሁድ ነው፤ የሽንት ቤት ሴራሚክ የሚታጠብበት አሲድም እንዲሁ። ሐውልት ለበዓል ይድመቅ ተብሎ በበረኪና ወይም በአሲድ ከታሸ ለአንድ ሳምንት ያበራል፤ በስንጥቆቹ ውስጥ የቀረው ጨው ግን ለዓመታት ሲሠራ ይኖራል። የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀትም ጠባቂውን ቡናማ ሽፋን ፍቀው ያነሡታል፤ ከብሩሹ ተሰብሮ የሚቀረው የሽቦ ስባሪም ራሱ ዝጎ ነሐሱን ያቆሽሻል። የወርቅማ ወይም የነሐስማ ቀለም መቀባት ደግሞ እርጥበትን ከሥሩ ያፍናል፣ የቀራፂውን እጅ ይሸፍናል፣ በኋላም ሲላጥ ለማስወገድ ብርቱ ኬሚካል ያስፈልገዋል። እነዚህን የሚያደርጉ ሠራተኞች በቅን ልቦና የታዘዙትን የሚፈጽሙ ናቸውና ኃላፊነቱ መመሪያ ሳይሰጥ ባልዲና ብሩሽ በሚያስይዘው አካል ላይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥበቃና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። በእኔ አስተያየት ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እድሳት ፈቃድ እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል፣ ጽዳት ግን እንደ እድሳት አይቆጠርም። በነሐስ ላይ የሚደረግ ጽዳት ከማንኛውም እድሳት ያልተናነሰ ለውጥ በቁሱ ላይ የሚያመጣ በመሆኑ፣ መሥሪያ ቤትዎ የሐውልት ጽዳትን በግልጽ በዚህ ድንጋጌ ሥር የሚያስገባ መመሪያ ቢያወጣ ያለ አንዳች ተጨማሪ በጀት ትልቁን ጉዳት ማስቆም ይቻላል።

ከውጭ የማይታየው ክፍል ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ትልልቅ የነሐስ ሐውልቶች ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ብዙዎቹም በውስጣቸው የሚደግፋቸው የተራ ብረት አፅም አላቸው። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ዝገትን በመቋቋም ደካማ የሆነው ለጠንካራው መሥዋዕት ይሆናል፤ ነሐስና ብረት ሲገናኙ የሚዝገው ብረቱ ነው። የዛገ ብረት ደግሞ እያበጠ ስለሚሄድ ነሐሱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በኒውዮርክ ወደብ የቆመው የነፃነት ሐውልት በ1886 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ በኋላ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል የተደረገለት ታላቅ እድሳት ዋና ምክንያቱ ይህ ነበር፤ የመዳብ ቆዳው በመቶ ዓመት ያጣው ጥቂት ሆኖ ሳለ የውስጥ የብረት ዘንጎቹ ግን ተበልተው ስለነበር በማይዝግ ብረት መተካት ነበረባቸው። በፈረስ ላይ ያለ ሐውልት ሙሉ ክብደቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ የሚያርፍ በመሆኑ ይህ አደጋ ለምኒልክ አደባባይ ይበልጥ ያሳስባል። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የተሰካ ካሜራ አስገብቶ የውስጡን አፅም ማየት፣ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በአቧራና በወፍ ኩስ አለመደፈናቸውን ማረጋገጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይኸው ሐውልት ተቀብሮ የቆየባቸው ዓመታት ከአፈሩ ጨው ምን እንዳስገቡበትም በላቦራቶሪ ሊጠየቅ ይገባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከላዩ በጥንቃቄ የተነሣ ቁንጥር ናሙና ብቻ ነው።

የይሁዳ አንበሳ ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል። ሲሠራ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነበርና፣ ወርቅ ከመዳብ ይልቅ ዝገትን እጅግ የሚቋቋም ማዕድን በመሆኑ በልባሱ ላይ በዓይን የማትታይ ቀዳዳ በተገኘች ቁጥር ዝገቱ ከሥሯ ይፋጠናል፤ የሚፈጠረው ውሁድም ወርቁን ከታች ወደ ላይ እየገፋ ያነሣዋል። ሮማውያን የማርቆስ አውሬልዮስን የፈረስ ሐውልት በ1981 እ.ኤ.አ. ከአደባባይ አንሥተው፣ ካደሱት በኋላ በቤተ መዘክር አስቀምጠው በቦታው ቅጂ ያቆሙት፣ ቬኒስም የቅዱስ ማርቆስን የነሐስ ፈረሶች ወደ ውስጥ ያስገባችው ወርቅ የተለበጡ ሥራዎች ከተማ አየር ውስጥ ብዙ እንደማይቆዩ ስላዩ ነው። እኛም አንበሳውን ከለገሃር እናንሣው እያልሁ አይደለም፤ ቦታው ከሥራው ጋር የተሳሰረ ነውና ይህ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ማንም ሰው ይህን አንበሳ በጨርቅ ሳይቀር እንዳይፈትግ፣ አይቶ የሚመክረውም በወርቅ ልባስ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ እንዲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ለቀሩት የነሐስ ሥራዎች መድኃኒቱ ቀላልና የታወቀ ነው። ሐውልቱ በዝቅተኛ ግፊት በንጹሕ ውኃና አሲድም አልካሊም ባልሆነ ለስላሳ ሳሙና፣ በተፈጥሮ ፀጉር ብሩሽ ይታጠባል፤ በደንብ ይደርቃል፤ በፀሐይ ወይም በጥንቃቄ በተያዘ የጋዝ እሳት ይሞቃል፤ ከዚያም የሰም ሽፋን ይቀባና ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ይወለወላል። የሰሙ ሥራ ውኃና አሲድ ብረቱን እንዳይነኩ መከልከል ነው፤ ሲያልቅም የሚያልቀው ሰሙ እንጂ ነሐሱ አይሆንም። አገራችን በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የንብ ሰም አምራቾች አንዷ ስለሆነች የራሳችንን ሰም ለምን አንጠቀምም የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም፤ እኔም ብንችል ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን የንብ ሰም በውስጡ ያሉት አሲዶች ከመዳብ ጋር ስለሚዋሐዱና አቧራ ስለሚይዝ፣ ዛሬ የጥበቃ ባለሙያዎች የሚመርጡት ከነዳጅ ዘይት ተጣርቶ የሚወጣውን ደቃቅ ሰም ነው። ከዚህ የጠነከረ፣ ለዓመታት የሚቆይ ግልጽ የአክሪሊክ ልባስም አለ፤ ሆኖም ሲያረጅ ለማስወገድ ብርቱ ማሟሟያ ስለሚፈልግና ሳይታደስ ከቀረ በተላጠበት ሥር ዝገት ስለሚያፋጥን፣ ቋሚ ባለሙያ ሳይኖረን በእርሱ መጀመር አይገባንም። ሰም ግን ሠልጥኖ ለሚሠራ ሰው ይቅር ባይ ነው፤ ቢሳሳት በሚቀጥለው ዓመት ያስተካክለዋል።

ጊዜውም መመረጥ አለበት። ሰም የሚይዘው በደረቅና በሞቀ ብረት ላይ ብቻ ስለሆነ በበልግና በክረምት መሥራት አይቻልም። ወደ ክረምቱ ቢጠጋ ሽፋኑ ትኩስ ሆኖ ዝናቡን ይጠብቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ስለማይታመን ጥርን እመርጣለሁ። በጥር የታጠበና የተቀባ ሐውልት የካቲት 12 እና የዓድዋ በዓል በሚከበርበት የካቲት 23 ሕዝቡን በተገቢ መልኩ ይቀበላል፤ ለበዓል ተብሎ በችኮላ የሚደረገው ጎጂ ጽዳትም ምክንያት ያጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት አንድ ምልከታ ቢደረግ ሰሙ የት እንደሳሳ ይታወቃል። በዚሁ መመሪያ ውስጥ የበዓል አዘጋጆች ባንዲራና የአበባ ጉንጉን በሽቦ ከሐውልቱ ጋር እንዳያስሩ፣ መብራት ለመትከልም ነሐሱን እንዳይበሱ ቢከለከል መልካም ነው።

ሥራውን የሚሠራ ሰው በአገር ውስጥ አለ። መስቀልን በሰም ቀርጾ በሸክላ ሸፍኖ በቀለጠ ነሐስ የሚተካ ጥበብ ከእኛ ዘንድ ለዘመናት ሳይቋረጥ የኖረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የቅርጽ ባለሙያዎችን ያወጣል፤ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ክፍል የዝገቱን ዓይነት መለየት ይችላል። ከእነዚህ አራት ወይም አምስት ወጣቶች ተመርጠው አንድ ልምድ ያለው የብረት ቅርስ ጠባቂ ለአንድ የበጋ ወቅት ቢያሠለጥናቸው፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከሐውልት ወደ ሐውልት የሚዞር ቋሚ ቡድን ይኖረናል። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመር ሥራ አንሥታ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው የመለሰች ከተማ፣ መወጣጫ አቁሞ ፈረስ ማጠብ አያቅታትም።

በመጨረሻም ሊዘገይ የማይገባውን አንድ ጉዳይ ላንሣ። የኮሪደር ልማት ሥራ በአደባባዮች ዙሪያ ፏፏቴ፣ አትክልትና ብርሃን እያበዛ ነው። በክሎሪን የታከመ የፏፏቴ ውኃ በነፋስ ተረጭቶ ነሐስ ላይ በየቀኑ ካረፈ ክረምትን በበጋ መሐል እንደመጥራት ነው፤ የሣር ማጠጫ ቧንቧም እንዲሁ። ስለዚህ ማንኛውም ፏፏቴ ወይም ማጠጫ በሐውልት አጠገብ ከመተከሉ በፊት የርጭቱ አቅጣጫና ርቀት በመሥሪያ ቤትዎ እንዲፈተሽ፣ የተተከሉትም በዚህ ዓይን እንዲታዩ እጠይቃለሁ። ከዚህ ጋር በመጪው ጥር ሥራው እንዲጀመር ከወዲሁ የእያንዳንዱን የነሐስ ሐውልት ፎቶግራፍ፣ የዝገት ካርታና የውስጥ ሁኔታ የያዘ መዝገብ እንዲዘጋጅ፣ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ እስከዚያ ድረስም በበረኪና፣ በአሲድ፣ በሽቦ ብሩሽና በቀለም መጠቀምን የሚከለክል አጭር ደብዳቤ ለከተማው የጽዳትና የውበት ሥራ ኃላፊዎች በዚህ ሳምንት እንዲጻፍ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ